«አድራሻ ቀይረናል»

አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው ለቶና ከሰል ላይ ተመልሷል። ከረከቦቱ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ተከፍቷል። የቤቱ እመቤት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆም ኢኮኖሚክስ መምህርት ነበሩ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የምግብ አሠራር የሚጽፉበት የአማርኛ ድረ ገጽ አላቸው። ዶሮ ወጥ፣ የጾም ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ፣ የበርበሬ ድለዛ፣ የእርሾ አያያዝ ሳይቀር ተጽፎበታል፤ በጠቅላላው 360 ያህል ጽሑፍ ይሆናል።

ገጹ ያለው ብሎገር በሚባለው የጉግል አገልግሎት ላይ ነው። ልጃቸው ወርድፕረስ ወደሚባለው ሶፍትዌር እንዲዛወር ትፈልጋለች። ምክንያቷ ብዙ አያነጋግርም፦ ምግቦቹ በጾምና በፍስክ ተለይተው ይደርደሩ፣ አንባቢም አሠራሩን በአንድ ወረቀት ማተም ይቻለው ነው የምትለው። ምክር የተጠየቀው የጎረቤት ልጅ ሥራው የሰው ድረ ገጽ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ለዚህ ቤት የሚያስከፍለው ግን ቡና ብቻ ነው።

«እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው» አሉ መምህርቷ። «ዛሬ አንድ ሰው ጉግል ላይ ‹የዶሮ ወጥ አሠራር› ብሎ ሲጽፍ እኔ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነኝ። ስዛወር እዚያው እቆያለሁ ወይስ ከሰልፉ መጨረሻ ቁሚ እባላለሁ?»

«እትዬ፣ እዚያ ያሉት እኮ እርስዎ አይደሉም። አድራሻዎ ነው።»

«የጻፍኩት እኔ፣ ሽንኩርቱን ስከትፍ ያለቀስኩት እኔ!»

ልጁ ሳቀ። ከዚያም ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያቀረቡት ሐሳብ፣ አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ሌሎች ገጾች ስለ እሱ የሚሰጡትን ምስክርነት መቁጠር ነበር። ምስክርነቱ ሊንክ ነው። የተመሰከረለት ገጽ በተራው ሲመሰክር ደግሞ ቃሉ ይከብዳል። ጉግል ዛሬ የሚመዝነው ነገር ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢበዛም ሊንክ አሁንም ከሚዛኑ አልወረደም።

«እርስዎ ባለፉት ዓመታት ምስክር አከማችተዋል» አለ። «አንዷ ስለ ጾም ምግብ ስትጽፍ የእርስዎን ሊንክ አስገብታለች። ሌላው ዋሽንግተን ሆኖ ለጓደኞቹ ልኳል። እነዚህ ሁሉ የመሰከሩት ለአንድ አድራሻ ነው። ጽሑፉን ቃል በቃል ወስደው ሌላ አድራሻ ላይ ቢያስቀምጡት ምስክሮቹ አሮጌው በር ላይ ቆመው ይቀራሉ።»

«ታዲያ ደውዬ አስተካክሉ ልበላቸው?»

«የማንን ስልክ ያውቁና? የሰው ሊንክ በሰው እጅ ነው። በእርስዎ እጅ ያለው የራስዎ በር ብቻ ነው።»

ነገሩ የአንድ ቤት ችግር አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ ሲፈለጉ አልተገኙም። ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ደግሞ ገና በ1998 ርእሱ «ጥሩ አድራሻ አይለወጥም» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። የሰሚ ያለህ ያሰኛል።

መምህርቷ ስኒውን አቀበሉትና ወደ ራሳቸው ምሳሌ ሄዱ። «ፒያሳ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበረኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ ሄድኩ፤ የለም። ሌላኛው፣ መነጽር የሚሠራው፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ነበር፦ ‹አድራሻ ቀይረናል፣ እዚህ ቦታ ታገኙናላችሁ› የሚል። እሱን እስካሁን አልተውኩትም።»

«ጨረሱት እኮ! ያ ወረቀት በእኛ ሥራ ቁጥር አለው፤ 301 ይባላል።»

አንድ ሰው አንድ አድራሻ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ከገጹ በፊት ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። 200 ማለት «አለ፣ ይኸው» ነው። 404 ማለት «የለም» ነው፤ እንደ ሰዓት ጠጋኙ በር። 301 «ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል» ሲል 302 ደግሞ «ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል» ይላል። በ301 የመጣን አንባቢ ብሮውዘሩ በቅጽበት ወደ አዲሱ ገጽ ያደርሰዋል፤ ሰውየው መዛወሩንም ላያውቅ ይችላል። የጉግል ፈላጊ ሮቦትም ቁጥሩን አይቶ የአሮጌውን ምስክርነት ወደ አዲሱ ይጽፈዋል። ድሮ «በእንዲህ ያለው ማሳለፊያ (ሪዳይሬክት) ላይ ጥቂት ክብደት ይፈስሳል» የሚሉ ነበሩ። የጉግሉ ጋሪ ኢሊየስ በ2016 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው መቀነስ እንደሌለ በይፋ ተናግሯል።

«ወረቀቱ እስከ መቼ ይለጠፋል?»

«የጉግል ምክር እስከተቻለ ድረስ፣ በጥቅሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ነው። እኔን ከጠየቁኝ ግን አይላጥ። አያስከፍልም፤ ቦታም አይፈጅም።»

እስካሁን ልጃቸው ከማእድ ቤት እየሰማች ነበር። ፈንዲሻውን ይዛ መጣችና ቁጭ ሳትል ተናገረች። «ይሄ ሁሉ ለምን? እኔ አንብቤያለሁ። ወርድፕረስ ላይ የአድራሻው ቅርጽ እንደ ብሎገር ይደረጋል፦ ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ የጽሑፉ ስም፣ መጨረሻው ላይም ያው ቅጥያ። አድራሻው ካልተለወጠ ወረቀት መለጠፍ ምን ያስፈልጋል?»

«ትክክል ነሽ» አለ። «ዶሜይኑንም፣ የድረ ገጹን ዋና ስም፣ እትዬ በስማቸው ስለገዙት እሱም አይለወጥም። ያ ትልቅ ነገር ነው። ከአድራሻ ሁሉ የተሻለው ያልተለወጠው ነው። አንቺ ያነበብሽው ግን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተጻፈ ነው።»

ላፕቶፑን ወደሷ አዞረውና በ2004 ዓ.ም. የተጻፉትን ከፈተላት። ርእሱ ላይ «የአብሽ አጠጣጥ» ይላል፤ አድራሻው ላይ ግን አብሽ የሚል ነገር የለም። በላቲን ፊደል «ብሎግ ፖስት» ይላል፣ በቃ። የሚቀጥለውም «ብሎግ ፖስት» ነው፣ ቁጥር ተጨምሮበት። ብሎገር ከርእሱ ላይ ለአድራሻ የሚወስደው የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ዘልሎት ያልፋል። ርእሱ በሙሉ አማርኛ ከሆነ የሚቀረው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ራሱ ስም ያወጣል፤ ስሙም ሁሌ ያው ነው።

«በየወሩ የመጀመሪያው ጽሑፍ ‹ብሎግ ፖስት› ነው፤ ቁጥር እንኳ የለውም» አለ ልጁ። «ብሎገር ግድ የለውም፤ በዓመቱና በወሩ ይለያቸዋል። ወርድፕረስ ግን ሁለት ጽሑፍ አንድ ስም እንዲይዙ አይፈቅድም። ወራቸው ቢለያይም ሁለተኛውን ‹ብሎግ ፖስት 2›፣ ሦስተኛውን ‹ብሎግ ፖስት 3› እያለ ይሄዳል።»

«ሞክሼ አይወድም በለኛ» አሉ መምህርቷ።

«ሞክሼ አይወድም። እትዬ ደግሞ ከመቶ በላይ ሞክሼ አለዎት።»

እዚህ ላይ ጸጥታ ሆነ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው ነገር፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ሌላ ሥራ ነው። ቅርጹን ማመሳሰል አይበቃም። በየአንዳንዱ ጽሑፍ ላይ አሮጌው አድራሻ ከአዲሱ ጋር መጣመር አለበት። በየመድረኩ የሚዞረው የድረ ገጽ ምክር ይህን ሲያነሳ ብዙም አይታይም፤ ጸሐፊዎቹ በግዕዝ ፊደል ርእስ ሰጥተው አያውቁማ።

ልጁ ኤክሴል ከፍቶ ሁለት ዓምድ አበጀ። በግራ አሮጌው፣ በቀኝ አዲሱ። «ዝውውር የሚባለው ሥራ ይሄ ነው» አለ። «ሌላው ጭነት ማንሣት ነው።»

ለግራው ዓምድ አድራሻዎቹን ከየት ማግኘት እንደሚቻል ሦስት ምንጭ ጠቀሰ። አንደኛው ብሎገር ራሱ የሚሰጠው የጽሑፎች ማውጫ፣ ማለትም ሳይትማፕ፣ ነው። ሁለተኛው ሰርች ኮንሶል ነው፤ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው መሣሪያ። በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ገጽ፣ ስንት ሰው እንደገባ ያሳያል። መረጃውን የሚያቆየው ግን 16 ወር ብቻ ስለሆነ ከዝውውሩ በፊት አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈተው ዌይባክ ማሽን የተባለው መዝገብ ነው፤ ባለቤቱ የረሳውን ገጽ እሱ አይረሳም።

«ሁሉንም 360 በእጅ?» አለች ልጅቷ።

«ከሰርች ኮንሶል ብዙ ሰው የሚገባባቸውን ለዩና በእነሱ ጀምሩ። እነሱን ሁለት ጊዜ ፈትሹ። የቀሩትን ኮምፒዩተሩ ያጣምራችኋል፤ ከብሎገር ጽሑፍ የሚያስገባው ፕለጊን የየአንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ከጽሑፉ ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል።»

መምህርቷ ስልካቸውን አወጡ። «ቆይ፣ ሰዎች በቴሌግራም የሚልኩልኝ ሊንክ ግን ከዚህ ይረዝማል። መጨረሻው ላይ አንድ ነገር አለው።»

ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ሲያይ ፊቱ በራ፤ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ ያስታወሱት ሰው ይመስል። ከአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ የላቲኑ ኤም፣ ከዚያ እኩል ይሆናል 1 ይላል። ብሎገር በስልክ ለሚያነብ ሰው የሚለጥፋት ጭራ ናት። የመምህርቷ አንባቢ ደግሞ አብዛኛው በስልክ የሚገባ ነው። ስለዚህ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር የኖረው ሊንክ ባለ ጭራው ነው።

«ችግሩ ምን መሰለዎት? በብሎገር ኤም ማለት ሞባይል ነው። በወርድፕረስ ደግሞ ኤም የወር መጠየቂያ ነው። ‹ኤም እኩል ይሆናል 1› ሲባል ወርድፕረስ በዓመተ ምሕረት 1 የተጻፈ ነገር ይፈልጋል።»

«በዓመተ ምሕረት 1!» አሉ መምህርቷ፤ ሳቁ መጣባቸው። «ዶሮ ወጥ ያኔ ማን ጽፎት!»

«ማንም። ስለዚህ ‹ገጹ አልተገኘም› ሊል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ ጭራውን ቆርጦ ወደ ንጹሑ አድራሻ በ301 እንዲያሳልፍ አንድ መስመር ይጻፋል። ግን ካላወቁት አይጽፉትም። ፈታኙ ደግሞ ሁሌ የሚሞክረው በላፕቶፕ ስለሆነ ጭራዋ አትታየውም።»

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ረጅም ነበር፤ ባለሙያው የተረታበትም እሱ ነው። አድራሻው መለወጡ ካልቀረ፣ አዲሱ በምን ፊደል ይጻፍ? ልጁ በላቲን ይሁን አለ። የግዕዝ አድራሻ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ወደ መቶኛ ምልክትና ቁጥር ቅልቅል ይለወጣል፤ ርዝመቱም ሰው ያስፈራል።

«የአማርኛ ጽሑፍ፣ ለአማርኛ አንባቢ፣ በላቲን አድራሻ?» አሉ መምህርቷ። «ደግሞስ ወጥ የሚለውን በላቲን እንዴት ትጽፈዋለህ? አንዱ በኦ፣ አንዱ በኤ፣ አንዱ በኢ ይጽፈዋል። ሆቴል ቤቶቹ በር ላይ እንኳ አልተስማሙበትም!»

ልጁ መልስ አጣ። ወዲያው ደግሞ ሐቀኛ ስለሆነ በራሱ ላይ መሰከረ፤ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ አድራሻ በአንባቢው ቋንቋ እንዲሆን እንደሚመክር ነገራቸው። «ግን» አለ፣ «ከተስማማን አጭር ይሁን። እንደ ርእሶችዎ ረጅም አይሁን።»

ለምን አጭር እንደሚያስፈልግ በቁጥር አሳያቸው። ኮምፒዩተር አንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ያስቀምጣል። አድራሻ ላይ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ አንዷ «አ» ብቻዋን 9 ቦታ ትይዛለች። ወርድፕረስ ለጽሑፍ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ነው። በላቲን ሲጻፍ 200 ፊደል የሚይዘው ቦታ ለግዕዝ 22 ፊደል ብቻ ይሆናል።

መምህርቷ ካሏቸው ርእሶች አንዱ «ለገና በዓል የሚሆን የዶሮ ወጥ አሠራርና የቅመም አዘገጃጀት» ይላል። ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ሄደና «አሠራርና» ላይ ሲደርስ 185 ሆነ። ሰረዟ አንድ። ከዚያ «የ»፤ 195። «ቅ» ልትገባ ስትል ቦታው አለቀ። አድራሻው «ለገና-በዓል-የሚሆን-የዶሮ-ወጥ-አሠራርና-የ» ብሎ ቆመ።

«የ ምን?» አለች ልጅቷ።

«የ ብቻ። ሶፍትዌሩ ቃል መሐል ይቆርጣል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ‹የገና-ዶሮ-ወጥ› ካሉት ግን ይበቃል።»

መምህርቷ ግን ሌላ ነገር ታይቷቸው ነበር። በ2004 ዓ.ም. «አሰራር» ብለው የጻፉትን በኋላ «አሠራር» እያሉ አቃንተዋል። አዲሱ አድራሻ ከወጣ በኋላስ እዚያው ላይ ቢያርሙት? ልጁ ሁለቱንም እጆቹን አነሳ። «እሱን አይንኩብኝ! እኛ አንድ አድርገን የምናነባቸው ሠና ሰ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጾምና ፆም፣ ዐቢይና አቢይ፣ በዓልና በአል፣ እያንዳንዱ ሌላ አድራሻ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያሻዎትን ያርሙ። አድራሻ ላይ አንድ ጊዜ የወጣ ግን ወጣ። ኤክሴሉን ስትሞሉም በእጅ አትጻፉ፤ ከአድራሻው ላይ ቀድታችሁ ለጥፉ።»

«ፊደሎቹም ሞክሼ፣ አድራሻዎቹም ሞክሼ» አሉ መምህርቷ። «የሞክሼ አበሳ!»

ልጅቷ ሥራው የበዛ ስለመሰላት አቋራጭ አመጣች። አሮጌ አድራሻ የጠየቀውን ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ወደ ፊት ገጹ መላክስ? ፊት ገጹ ላይ ደርሶ ራሱ ይፈልግ።

ይህ በዝውውር ሥራ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች በጣም የተለመደው ነው፤ ለቸኮለ ሰው መልካም ይመስላል። የምሥር ወጥ አሠራር ፈልጎ የመጣ ሰው ፊት ገጹ ላይ የገና ዳቦ ሥዕል ያገኛል። «ካዛንቺስ ያለውን ቤት ስትጠየቂ ‹አዲስ አበባ ነው› ብሎ መመለስ ነው» አላት። ጉግልም ይህን አይወድም፤ ከጥያቄው ጋር ወደማይገናኝ ፊት ገጽ የተላከን አድራሻ «የለም» እንደተባለ ሊቆጥረው ይችላል። ምስክርነቱም ወደየትም አይዛወርም። ተመሳሳይ ጽሑፍ ከሌለ እውነቱን መናገር፣ 404 ማለት፣ ይሻላል። ሰንሰለት መሥራትም ጥሩ አይደለም፤ አሮጌው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲልክ አንባቢውም ሮቦቱም ይደክማሉ። የጉግል ሮቦት እስከ 10 ድረስ ይከተላል ቢባልም አንዷ በቂ ናት።

«አንተ ራስህ ተሳስተህ ታውቃለህ?» አሉት መምህርቷ፣ በአስተማሪ ዓይን እያዩት።

ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። ሥራ ሲጀምር የአንድ መንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር ድረ ገጽ አዛውሮ ነበር። ሁሉም ነገር አምሯል፤ 301ዎቹ ይሠራሉ፤ ደንበኛው መርቆ ሸኝቶታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ ጉግል ላይ የመደብሩ ስም ሲጻፍ እንኳ አይወጣም። ወርድፕረስ ቅንብር ውስጥ ፈላጊዎች ይህን ገጽ እንዳይመዘግቡ የምታደርግ አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለች። ገጹ ገና በሙከራ ላይ ሳለ እንዳይታይ ብሎ ምልክት አድርጎባት ነበር። ሲከፍተው ረሳት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳጥኗ በየገጹ ራስጌ «አትመዝግቡኝ» የሚል ትእዛዝ ትጽፋለች፤ ጉግልም ታዛዥ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ምን አደረግህ?»

«ምልክቱን አነሳሁ፣ ሳይትማፑን እንደገና ላክሁ፣ ከዚያ መጠበቅ። እስኪመለስ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ገንዘቡንም መለስኩላቸው።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት። «አሁን ድረ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማያት ሳጥን እሷ ናት። ቤት ቆልፎ በሩን ደግሞ እንደሚገፋ ሰው ሆኛለሁ።»

ስለ ጊዜው ሲነሳ ግን አስተማሪዋ መምህርቷ ሆኑ። ጉግል ዝውውር ሰው በሚቀንስበት ወቅት ቢደረግ ይሻላል ይላል። ልጁ ክረምቱን አሰበ። መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም አለ፤ የጾም ምግብ ፈላጊ ይበዛል። ከዚያ ወዲያው እንቁጣጣሽ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ገና ይከተላል፣ ከዚያ የሁዳዴ 55 ቀን። «እኔ ሰው የሚቀንስልኝ ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ። «እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁሉም የለመደውን ነው የሚበላው፤ አሠራር የሚጠይቅ የለም።»

«እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ። ግን ስትለኩት በወር አትለኩት» አለ ልጁ። ይህኛው የራሱ ግኝት ነበር። ፋሲካ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በ2017 ሚያዝያ 12። ሚያዝያን ከሚያዝያ ያነጻጸረ ሰው የበዓሉ መዞር ያመጣውን ለውጥ ዝውውሩ ያመጣው መስሎት ይደነግጣል ወይም በከንቱ ይደሰታል። ከበዓሉ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ካምናው በዓል በፊት ካሉት ሁለት ሳምንታት ጋር ማነጻጸር ነው እንጂ። በዝውውሩ ማግስት ለጥቂት ሳምንታት ደረጃው ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ጉግል 360ውን ገጽ በአንድ ቀን አይጎበኝም። በዚያ መሐል ተደናግጦ ሁሉን እንደገና መለወጥ ጉዳቱ ይበልጣል። በዚሁ ቀን የገጹን መልክ ማደስ፣ ጽሑፎቹን ማሳጠር፣ ርእሶቹን መቀየርም ይቅር አለ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አይታወቅማ። ልጅቷ የመረጠችው አዲስ መልክ በዚህ ምክንያት ለሰኔ ተላለፈ፤ ቅር ብሏታል።

በረካው ሲቀዳ የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ተወሩ። ሰርች ኮንሶል ባለቤትነታቸውን ያረጋገጠው በብሎገሩ የገጽ ንድፍ (ቴምፕሌት) ውስጥ በተቀመጠ ኮድ ስለሆነ ቴምፕሌቱ ሲቀር ማረጋገጫውም ይቀራል፤ አስቀድሞ በዶሜይኑ በኩል ይረጋገጥ። ፎቶዎቹም አሉ። ጽሑፉ ወርድፕረስ ቢገባም ሥዕሎቹ እዚያው የጉግል ሰርቨር ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ገጹ ሲከፈት ስለሚታዩ ማንም አይጠረጥርም።

«ታዲያ አሮጌውን መቼ ልዝጋው?» አሉ መምህርቷ።

«አይዝጉት።»

«ባዶ ቤት አስቀምጬ?»

«ፎቶዎቹ ሁሉ አዲሱ ቤት መግባታቸውን አንድ በአንድ እስክናይ ድረስ አይዝጉት። ከገቡም በኋላ ቢሆን አሮጌው አይጥፋ፤ የሚከፈልበት ኪራይ የለውም።»

መምህርቷ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ኤክሴሉ ላይ በግራው ዓምድ የመጀመሪያውን አሮጌ አድራሻ ቀድተው ለጠፉ፤ ከጎኑ «አብሽ» ብለው ጻፉ። ልጅቷ ሁለተኛውን አነበበችላቸው። ረከቦቱ ሲነሣ 23 ሞልተዋል። ዝውውሩ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ጠዋት ይጀመራል፤ የጎረቤቱ ልጅ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልያዘም።